ስም የተጻፈበት ንድፍ

በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት ጉባኤዎች አንባብያን ባዶ ደብተር ይዘው ንድፍ ለማሣል በሠዓልያን ጠረጴዛ ፊት የሚሰለፉበትን ልማድ መነሻ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ የእነዚያን ሠዓልያን የቀድሞ ዕጣ መመርመር ይገባዋል። ሠዓሊው በገጽ ዋጋ ተቆርጦለት ይሠራ ነበርና፣ ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ዋናው ቅጅ በአሳታሚው እጅ ይቀር ነበር፤ አሳታሚውም ሲሻው በመጋዘን ያከማቸው፣ ሲሻው ቀዶ ይጥለው ነበር። ካርል ባርክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የዶናልድ ዳክን ታሪክ ራሱ እየደረሰ ራሱ ሲሥል፣ ስሙ በመጽሔቶቹ ላይ ባለመታተሙ፣ የእጁን ጠባይ ከሌሎቹ ለይተው ያወቁ አንባብያን «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ከማለት በቀር የሚጠሩበት ስም አልነበራቸውም።

እንግዲህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጥቂት ወጣቶች የመጀመሪያውን ጉባኤ ሲያደርጉ፣ ቀጥሎም በ1970 ዓ.ም. ሼል ዶርፍና ባልንጀሮቹ በሳን ዲዬጎ ከተማ በዩ. ኤስ. ግራንት ሆቴል ሦስት መቶ ያህል ሰው ሰብስበው ሠዓሊውን ጃክ ከርቢንና ደራሲውን ሬይ ብራድበሪን በእንግድነት ሲጠሩ፣ የሠዓሊውን ስም ጠይቆ፣ በአካል ፈልጎ ያከበረው አሠሪው ሳይሆን አንባቢው መሆኑ ተገለጠ። ከርቢ ራሱ ለአሳታሚው ለማርቬል ከሣላቸው እጅግ ብዙ ሺህ ገጾች ወደ 1,900 የሚጠጉት የተመለሱለት፣ ያውም ከረጅም ክርክር በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. ነው።

በእነዚህ ጉባኤዎች በደብተሩ ላይ የሚሣለውን የንድፉን አሠራር ማየት ያስደስታል። ሠዓሊው በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ የራስ ቅሉን ክብና የትከሻውን መስመር ይጥላል፤ ከዚያ በቀለም ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይመለስበት፣ የአገጩን ጠርዝ ያወርዳል፤ ባለ ደብተሩም ትንፋሹን ውጦ ይመለከታል። ከሰብሳቢዎቹ መካከል ሁሉንም ሠዓልያን አንድ ባትማን ብቻ የሚያሥሉ አሉ፤ እንዲህ ያለውን ደብተር የገለጠ ሰው ያንኑ ፊት በአንዱ እጅ ቁጡ፣ በሌላው ኀዘንተኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ለእኔ ከስብስብ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

በፈረንሳይ፣ በ1974 ዓ.ም. በተጀመረው የአንጉሌም የኮሚክ በዓል፣ ሠዓሊው መጽሐፉን ለገዛው ሰው በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሥላል። በአሜሪካ ግን፣ የሳን ዲዬጎው ጉባኤ ከመቶ ሠላሳ ሺህ በላይ ሰው የሚጎርፍበት ገበያ ሲሆን፣ ንድፉም ሸቀጥ ሆነ፤ በነጻ የተቀበለውን በማግስቱ የሚሸጥ ሰው ስለ በዛ፣ ብዙ ሠዓልያን የተቀባዩን ስም በንድፉ ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ ስም ያለበት ንድፍ በገበያ ዋጋው ይቀንሳልና። የእኛም የብራና መጻሕፍት የቀድሞ ባለቤታቸው ስም ተፍቆ የአዲሱ ሲጻፍባቸው ስለ ኖሩ፣ ነገሩ ለሀገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ዛሬ በጠረጴዛው ላይ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፎ ሲያዩ የቀድሞው ቸርነት ጠፋ ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራውን ሌላ ሲሸጥበት የኖረ ሰው፣ ለአሥር ደቂቃ ድካሙ ራሱ ዋጋ ቢተምን፣ የዘገየ ፍትሕ ነው እንጂ ስስት አይባልም።