በወላይታ ሰጪው ማን ነበር?

ስለ ሚሲዮኖች በተነሣ ቁጥር ከሁለት ወገን የሚሰማው ክርክር የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን እየቆጠረ ያመሰግናል። ሌላው ወገን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣው ነጭ ኋላ መድፉን አስከተለ እያለ ይረግማል። ለሁለቱም ማስረጃ አይጠፋም። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው አመስጋኙም ረጋሚውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰጪው ምን ጊዜም ፈረንጁ ነው፤ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ደግሞ ምን ጊዜም ሀገሬው ነው። እኛ የምንጠራጠረው ይህንኑ ነው። ምስክር አድርገን የምናቀርበውም ወላይታን ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ወላይታ በ1894 ከከባድ ውጊያ በኋላ በምኒልክ ጦር ተያዘ፤ ንጉሡ ካዎ ጦናም ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ገባር ሆነ። እህሉንም ጉልበቱንም ለሌላ የሚያስረክብ፣ ለራሱ የሚተርፈው ጥቂት የሆነ ሰው ማለት ነው። በ1920ዎቹ ከጋሞ የተነሣ ኢሳ ላሌ የተባለ ሰው ለመናፍስት መሠዋትን ትታችሁ ወደ አንዱ ፈጣሪ፣ ወደ ጦሳ ጸልዩ እያለ ሰበከ፤ ወሬውም ወላይታ ደረሰ። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝቡ ፈረንጅ እስኪመጣለት ድረስ ባዶ ልብ ይዞ የተቀመጠ ይመስል የሚጻፈው ነገር ትክክል ስላልሆነ ነው።

ሚሲዮኑ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመራው ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ላምቢ በ1919 በሌላ ሚሲዮን ሥር ወለጋ፣ ሳዮ ገብቶ ነበር። የኢሉባቦሩን ገዥ የራስ ናደውን ጆሮ ሲያክም ከውስጡ ጥንዚዛ አወጣ ይባላል፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል እስከማቋቋም ያደረሰው መንገድ የተከፈተው ከዚያ ወዲያ ነው። ጥንዚዛዋ ለታሪክ የዋለችው ውለታ ቀላል አይደለም! ላምቢና ባልደረቦቹ በ1927 መጨረሻ በአዲሱ ሚሲዮን ስም ተመለሱ፤ በ1928 ጅማ እንገባለን ብለው ተነሥተው በሲዳሞ፣ በከምባታና በወላይታ ቀሩ። በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሠፈሩና ማከምም ማስተማርም ጀመሩ።

እዚህ ላይ የሚሲዮኑን የገንዘብ ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው ሄንሪ ቬንና አሜሪካዊው ሩፈስ አንደርሰን ያቀረቡት ሐሳብ አለ፤ አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ታስተዳድር፣ ራሷን ትቻል፣ ራሷን ታስፋፋ የሚል ነው። በደቡብ የሠፈሩት ሰዎች ይህን አጥብቀው ያዙ። ሆስፒታሉ በውጭ ገንዘብ ይሠራል፤ ጸሎት ቤቱን ግን አማኞች በራሳቸው እንጨትና ሣር ይሥሩ፤ ወንጌላዊውም ከባሕር ማዶ ደመወዝ አይቆረጥለት አሉ። ከስስት ነው ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ዳሩ ግን የኋላው ታሪክ የተንጠለጠለው በዚህ ደንብ ላይ ነው።

ፍሬው ቶሎ አልታየም። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1933 መጨረሻ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ሀገሪቱን ከወረረ በኋላ በ1937 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠማቂው ቁጥር 48 ነበር። ዘጠኝ ዓመት፣ 48 ሰው። ሐኪሙም ሄደ፤ ገንዘቡም ቆመ። በሰዎቹ እጅ የቀረው በወላይትኛ የታተመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌላ ጽሑፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ጣሊያኖች የአማኞቹን ጸሎት ቤቶች አፈረሱ፤ መሪዎቹን አሠሩ፤ ገረፉ። ከተገረፉትና ከታሠሩት አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ነው። በዚያን ጊዜ ወህኒ ቤት እስረኛን አይመግብም፤ ቀለቡ ከቤቱ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አማኞቹ ስንቅ ማቀበል ጀመሩ። ይህን ነገር እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ገባር ከሆነ፣ ዘመኑም የጦርነት ከሆነ ቤት ምግብ አንሥቶ፣ መንገድ ተጉዞ፣ ዘበኛ እያየ ለታሠረ ሰው ማድረስ ማለት፣ እኔም የነሱ ወገን ነኝ፣ ከፈለጋችሁ እኔንም ያዙኝ ማለት ነው። ለዘመድ የሚደረገው ይህ ነገር ዘመድ ላልሆነ ሰው ሲደረግ ያየ ጎረቤት፣ እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ማለቱ አይቀርም። ብዙዎች ወደነሱ የተሳቡት በዚህ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ እኛም እናምነዋለን። ለዚህ ሥራ ሪፖርት አልተጻፈለትም፤ ፎቶግራፍም አልተነሣለትም።

ከ1941 ነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው። ቁጥሩ ግምት ነው፤ በዚያ ጦርነት መሐል መዝገብ የያዘ ቆጣሪ አልነበረም። ግማሹ እንኳ ቢሆን ጥያቄው አይለወጥም። ታዲያ ይህን ሁሉ ጸሎት ቤት ማን ሠራው? የእንግዳውን ቆጮ ማን ጋገረው? የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኩሎ ኮንታ ሲወጡ የቀሩትን ልጆቻቸውን ማን ጠበቀላቸው? መልሱ አንድ ነው፤ በሚሲዮን ሪፖርት ላይ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ያው ገበሬ።

መስጠትን ማንም ከባሕር ማዶ አላመጣልንም። ሰንበቴው፣ ደቦው፣ ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ መሄዱ በየሀገሩ በየስሙ የኖረ ነው። በወላይታ አዲስ የሆነው የመስጠቱ ድንበር መስፋቱ ነው፤ ከጎሣ አልፎ፣ ከወንዝ ተሻግሮ፣ ትናንት ጠላት ወደነበረው ሀገር መድረሱ።

የዚህ ታሪክ ዋናው ተራኪም ቢሆን መመርመር አለበት። በሰፊው የታወቀው መጽሐፍ በ1966 የታተመው የሬይመንድ ዴቪስ ነው፤ እሱም ራሱ ሚሲዮናዊ ነበር፤ የጻፈውም በቅድሚያ ለሀገሩ ሰዎች ነው። ያለ ፈረንጅ ገንዘብ የሆነው ነገር በፈረንጅ ሀገር ተተረከ፤ ትረካው ደግሞ ለሚሲዮኑ ደጋፊ ማብዛቱ አይቀርም። የወላይታ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሰጠ ማለት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ የሰጠው ታሪኩን ነው።

የሐኪሙን ሥራ ግን አናናንቅም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ሚሲዮን በአዲስ አበባ ዳር ያቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሰው የሸሸውን ሰው ያስጠጋ ቤት ነበር። ቢሆንም ርዳታና ስብከት እንዴት እንደተቆላለፉ ለማየት የ1944ን የሚሲዮኖች ድንጋጌ መመልከት ይበቃል። መንግሥት ሀገሪቱን ለሁለት ከፈለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሰፈነችበት ቦታ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር እንጂ ሃይማኖቱን መስበክ አይችልም፤ «ክፍት» በተባለው ቦታ ግን ይችላል፤ የትምህርቱም ቋንቋ አማርኛ ይሁን ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን ፈለጉ፤ ሚሲዮኑ ነፍሱን ፈለገ፤ ገበያው በዚህ ቆመ። ክፍት የተባለውን ሀገር ሕዝብ ክፈተን ወይስ እንዝጋ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የኋላ ኋላ ጥያቄው ከተቀባዩ ወገን ተነሣ። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ለልማት ፕሮጀክት ገንዘብ በቀላሉ ይገኛል፤ ምእመናኑ ለሚፈልጉት ለወንጌል ሥራ ግን አይገኝም፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ መስፈርቱንም የምታወጡት እናንተው ናችሁ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። በኬንያም የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መሪ ጆን ጋቱ በ1971 ከዚያ አልፈው ሄዱ፤ ሚሲዮናዊውም ገንዘቡም ለተወሰነ ጊዜ ይቁምልን፣ በእግራችን መቆማችንን እንየው አሉ። በ1974 ሉሳካ ላይ የተሰበሰበው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሐሳቡን ደገፈው። በየቦታው ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ገንዘቡ ግን መምጣቱን አልተወም። ወላይታ ያንኑ ፈተና ከ1937 ጀምሮ ተፈትኖት ነበር፤ ያውም ሳይጠየቅ፣ በጣሊያን ጅራፍ ሥር።