ሶባና ሞክሼዎቿ

ፕሌይ ስቶር ገብቼ «መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ» ብዬ ስፈልግ፣ ስማቸው አንድ የሆነ ወይም ለጥቂት የሚለያይ አፖች ተደርድረው ይመጣሉ። ምልክታቸው እንኳ ያው መስቀልና መጽሐፍ ነው። የቱን ላውርድ? ሰው ቢሆኑ «አበበ ማን?» ብሎ የአባት ስም መጠየቅ ነበር። ፕሌይ ስቶርም ውስጥ ውስጡን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ላይ የሚታየውን ስም ሞክሼዎች ቢጋሩት አይከለክልም። ከስሙ ጀርባ ግን እያንዳንዱ አፕ ማንም የማይጋራው፣ አንዴ ከወጣም የማይለወጥ መለያ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው የድረ ገጽ አድራሻ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ነው የሚጻፈው። አፕል ጠንከር ይላል፤ ስሙን ሌላ ቀድሞ ከያዘው፣ ኋላ የመጣው ቅጽል ጨምሮ ይመለሳል።

በቅጽል መለየትን ሶባ ታውቀዋለች። ከካርቱም ደቡብ ምሥራቅ፣ እኛ ዓባይ፣ ሱዳኖች ሰማያዊ ናይል በሚሉት ወንዝ ግራና ቀኝ ሶባ የሚባል ሰፈር ስላለ፣ «ምሥራቅ ነው ምዕራብ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፍርስራሹ ያለው በምሥራቁ ነው። የክርስቲያኑ የዓልዋ መንግሥት መዲና ነበረች፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ያማሩ ሕንጻዎቿን፣ ወርቅ የበዛባቸውን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሙስሊሞቹንም ሰፈር ጽፎላታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር ግን ጡቧን እየነቀሉ ወስደው ገነቡበት። ስሟን የሚነቅል አልተገኘም።

«ዓልዋ» የሚለው ስም ከአል-አስዋኒ ዘመንም ይቀድማል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኖባ የተባለውን ሕዝብ መውጋቱን ባስጻፈበት ድንጋይ ላይ የጡብ ከተማ ሆና ተጠቅሳለች። ሶባ በመዲናነት የገነነችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ የኢዛና ዓልዋ ሌላ ሥፍራ፣ ማለትም ሞክሼ ልትሆን ትችላለች።

ትልቁ ሞክሼነት ግን የእኛው ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ በአመዛኙ ከግብፅ ደቡብ ያለውን የኩሽን አገር ማለታቸው ነበር፤ ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክኛ ሲተረጎምም «ኩሽ» የሚለው «ኢትዮጵያ» ተባለ። በሐዋርያት ሥራ የምናገኘው ጃንደረባም የሕንደኬ ባለሟል ነው፤ ሕንደኬ በኩሽ ምድር የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። ኢዛና ደግሞ በሌላው ጽሑፉ በግዕዝ ሐበሻ ያለውን በግሪክኛ «ኢትዮጵያውያን» አሰኘው። ስሙ ወንዙን ሽቅብ ወጣ። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የነበረው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ፣ ከኖብያ የመጡ ስድስት ሰዎች ካህናት እንዲላኩላቸው ሲለምኑ አይቷል። ንጉሡ «እኔም ጳጳሴን ከእስክንድርያ ነው የማስመጣው» በሚል ምክንያት ባዶ እጃቸውን ሰደዳቸው። ከቀድሞው የስሙ አገር መጥተው ከዛሬው ባለስም ደጅ የቆሙ ነበሩ፤ በፕሌይ ስቶር ሕግ ግን መለያቸው ለየቅል ነው።

«ሱዳን»ም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የዛሬዋ ማሊ እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ስም ትጠራ ነበር። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ቅጽል ጨምራ ወጣች፤ ለአገሮች የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የቁጥር መለያዋም 728 ሆነ። ሰሜኑ ስሙን እንደያዘ ቀረ። ግዛቱ ግን ተለውጧልና የድሮው 736 ተሰርዞ 729 ተሰጠው። የሶባ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የአገሩም ስም ሳይለወጥ፣ መለያው ተቀየረበት።