ስም ያጡ ቀኖች፤ የወር አበባ፣ ስሜትና የእኛ የቀሪ መዝገብ

ለወር አበባ ብዙ ስም አለን፤ አብዛኛው ግን መሸሸጊያ ነው። አማርኛ «የወር አበባ» የሚል ውብ ስም እያለው እናቶቻችን «አደፍ» ይሉታል። «መርገም» የሚሉትም አሉ። በእኛ በወለጋ በአፋን ኦሮሞ «ላጉ» ይባላል፤ መራቅና መታቀብ የሚለው ሐሳብ በውስጡ አለ። እነዚህ ሁሉ ስሞች የተሰጡት ለደሙ ነው። ደሙ ከመምጣቱ በፊት ላሉት ቀኖች፣ ለሚከብደው ልብ፣ ያለ ምክንያት ለሚወርደው እንባ፣ በትንሽ ነገር ለሚነደው ንዴት ግን ስም አላወጣንም። ስም ያጣ ነገር ደግሞ የሰው ስም ያጠፋል፤ «ነገረኛ ናት»፣ «ጠባይዋ ነው»፣ «ዛር አለባት» ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚያን ቀኖች ታሪክ ባጭሩ ያስቃኛል። መጨረሻ ላይ ለጠቅላላ ጉባኤያችን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በሌላ ካልተገለጸ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጎጆው እስከ ትምህርት ቤቱ

በአገራችን የወር አበባ ታሪክ በአብዛኛው የመለየት ታሪክ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እናቶች በእነዚያ ቀኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይገቡም። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ደግሞ ሰባት ቀን «የመርገም ጎጆ» በተባለ፣ በድንጋይ በተከለለ ቤት ይቆዩ ነበር፤ ምግብም ይወሰድላቸው ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል ከሄዱት መካከል ጎጆውን የሚናፍቁ ሴቶች አሉ። ከእንጨት ለቀማና ከውኃ መቅዳት ያረፉበት፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያወሩበት ቦታ ነበርና። መለየቱ ቢጎዳም እነዚያ ቀኖች ከሌሎቹ ቀኖች የተለዩ መሆናቸውን ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በወለጋ ሴቶች ማንበብ የጀመሩበት ታሪክ ከአስቴር ጋኖ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አስቴር በባርነት ተሸጠው ሲወሰዱ በ1886 ነጻ የወጡ፣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለማዘጋጀት የደከሙ ሴት ናቸው። መጽሐፉ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ የማስተማሩ ሥራ ተካፋይ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም በ2015 የታተመ፣ በነቀምቴ ከተማ 828 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን የጠየቀ ጥናት ስለ ወር አበባ ጥሩ እውቀት ያላቸው ከመቶ ወደ 61፣ ንጽሕናውን በደንብ የሚጠብቁት ደግሞ ከመቶ ወደ 40 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ያተኮረው በእውቀትና በንጽሕና ላይ ነበር። ልጆቹ በእነዚያ ቀኖች ምን ይሰማቸው እንደነበር ሌላ ጥያቄ ነው።

ሁለት ስሕተቶች

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ቀደም ብሎ ቢነሣም ብዙ ስሕተት ተሠርቶበታል። በ1873 ኤድዋርድ ክላርክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሴት ልጅ እንደ ወንድ ከተማረች ማሕፀኗ ይጎዳል ብለው መጽሐፍ ጻፉ። የወር አበባ ሴትን ከትምህርትና ከሥራ ለማስቀረት ምክንያት ሆነ። ሊታ ሆሊንግዎርዝ የተባለች ተማሪ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህን በግምት ሳይሆን በመለካት ለመፈተን ተነሣች። ሴቶችን ለወራት እየፈተነች የእጃቸውን ፍጥነትና ጽናት፣ ቀለም ፈጥነው መጥራታቸውን፣ የታይፕ ልምምዳቸውን መዘገበች። በ1914 ያወጣችው ውጤት የሴቶቹ ችሎታ በወር አበባ ቀኖች አለመቀነሱን አሳየ።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕመሙን «የለም» ማለት። በ1931 የኒውዮርኩ የማሕፀን ሐኪም ሮበርት ፍራንክ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀኖች በከባድ ጭንቀትና ንዴት የሚሠቃዩ፣ ደሙ ሲመጣ ግን የሚድኑ ሴቶችን ገለጹ፤ ምክንያቱንም በሆርሞን ውስጥ ፈለጉ። በ1953 በእንግሊዝ ካትሪና ዳልተንና ሬይመንድ ግሪን «ከወር አበባ በፊት የሚከሠት ሕመም» የሚል ስያሜ ሰጡት። ከባዱ ዓይነት ግን በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተመዘገበው በ2013 ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ዑደቱ በአማካይ 28 ቀን ገደማ ነው፤ አጠር ወይም ረዘም ሊል ይችላል። በመጀመሪያው አጋማሽ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እየጨመረ ይሄዳል። እንቁላል ከወጣች በኋላ ፕሮጄስትሮን ይበዛል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም በመጨረሻዎቹ ቀኖች በፍጥነት ይወርዳሉ። እነዚህ ሆርሞኖች ማሕፀን ላይ ብቻ አይቆሙም፤ ወደ አንጎልም ይደርሳሉ። ኤስትሮጅን ስሜትን ከሚያስተካክለው ሴሮቶኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ይያያዛል። ፕሮጄስትሮን ሲሰባበር የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ደግሞ በአንጎል ውስጥ መረጋጋትን በሚሰጠው ክፍል ላይ ይሠራል፤ አንዳንድ ሴቶችን ግን በማረጋጋት ፋንታ ያስጨንቃል።

ታዲያ ሁላችንም ይህን ዑደት እያለፍን አንዷ ለምን ትሠቃያለች፣ ሌላዋስ ለምን ምንም አይሰማትም? በ1998 የአሜሪካ የአእምሮ ጤና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ጥሩ መልስ አገኙ። ሕመሙ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሴቶች ሆርሞን በመድኃኒት አስቆሙት፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ተሻላቸው። ከዚያ ሆርሞኑን መልሰው ሲሰጡ ሕመሙ የተመለሰው ቀድሞ ይታመሙ በነበሩት ላይ ነው፤ ጤነኞቹ ያንኑ ሆርሞን ወስደው ስሜታቸው አልተለወጠም። ስለዚህ ጉዳዩ የሆርሞን መብዛት ወይም ማነስ ብቻ አይደለም፤ የአንዳንድ ሴቶች አንጎል ለለውጡ የሚሰጠው ምላሽ የተለየ ነው። ይህ የጠባይ ጉድለት አይደለም።

በአገራችንም ተጠንቷል። በ2014 የታተመ በመቀሌ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከመቶ 37 የሚሆኑት የሕመሙን መስፈርት እንደሚያሟሉ አመለከተ። ሴቶች ከትዝታ ሲጠየቁ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በየቀኑ ሲመዘግቡ ዝቅ ይላል። ሐኪሞች ከባዱን ሕመም ለመለየት ቢያንስ የሁለት ዑደት የየቀን መዝገብ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

የእኛ መዝገብ

እኛ ሒሳብና መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ነንና የቀሪ መዝገባችንን አየነው። ከሳምንታዊው የቁጠባ ስብሰባ የሚቀሩ አባላት አሉ። ልጅ ታሞ ወይም ለቅሶ ደርሶ የቀረች ቅጣት ይነሣላታል። ነገር ግን በየአራት ሳምንቱ ገደማ የሚቀሩ፣ ምክንያት ተጠይቀው ዝም የሚሉ፣ ቅጣቱን ከፍለው የሚሄዱም አሉ። ምክንያታቸውን አናውቅም፤ ልንገምትላቸውም አይገባም። እንዳይናገሩ ያደረጋቸው ነገር ካለ ግን ደንባችንም ድርሻ አለው።

ሌሎች አገሮች በሕግ የሞከሩት አለ። ጃፓን በ1947 ለሠራተኛ ሴቶች የወር አበባ ፈቃድ ደነገገች። በዛምቢያ ሠራተኛ ሴት በወር አንድ ቀን ያለ ሐኪም ወረቀት ማረፍ ትችላለች። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወሊድ 120 ቀን ሲሰጥ ለወር አበባ ለይቶ የሰጠው ቀን የለም። አብዛኞቻችን ግን በጉሊትና በየቤታችን የምንሠራ ስለሆንን አዋጁን ሳንጠብቅ የራሳችንን ደንብ ማሻሻል እንችላለን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በደንቡ «ሕመም» የሚለው ቃል ይህንንም እንዲጨምርና ማንም ምክንያቱን ዘርዝራ እንድትናገር እንዳትገደድ። ሁለተኛ፣ የምትፈልግ አባል ሁሉ ደሙ የመጣበትን ቀንና የየዕለቱን ስሜት ከ0 እስከ 3 የምትጽፍበት ካርድ እንዲታደል። ካርዱ የእሷ ብቻ ነው፤ የብድር ኮሚቴው አያየውም። ሰዎች ይህን እውቀት ሴትን «አትታመንም» ለማለት እንደተጠቀሙበት አይተናል። ሦስተኛ፣ ለቡና ስንሰበሰብ ነርስ ተጋብዛ እንድታስረዳን። ከባድ ለሆነባት ሕክምና አለ፤ ሴሮቶኒንን የሚያግዙ መድኃኒቶች ብዙዎችን ይረዳሉ። በእነዚያ ቀኖች መሞትን የምትመኝ እህት ካለች ግን ካርድ መሙላት አይደለም፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል አብረን እንሂድ።

በመቀሌ ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁመው በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ለጋሾቻችንም ለልጆቻችን ሞዴስ ሰጥተውናል፤ እናመሰግናለን። ያ ለደሙ ነው። ለቀሩት ቀኖች የሚያስፈልገው ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፦ አንድ ካርድ፣ አንድ እርሳስ፣ ከደንባችንም አንድ መስመር።