ከባሕር ወለል የተነሣችው መርከብ

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላሉ አበው። እኔ ግን በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ አፈስኩት። የፈሰሰውም ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ከነአብራሪዎቻቸውና ከነባሕረኞቻቸው የጋዩ መርከቦች ነበሩ። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ የሆነው በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ነው።

«ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ» የተባለው የጦር ስልት ጨዋታ የወጣው በ2004 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓንና አሜሪካ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያደረጉትን ጦርነት ከ1941 ጀምሮ ቀን በቀን ያስኬዳል። የሚጠይቀው የጣት ፍጥነት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ነዳጅ ጫኟ መርከብ ወዴት ትሂድ? የደከሙት አብራሪዎች መቼ ይረፉ? ይህን ሁሉ ወስኖ ትእዛዙን ከሰጠ በኋላ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ ቀኑ እንዴት እንደሚውል ከመመልከት በቀር ምርጫ የለውም። ቃኚ አውሮፕላኖች የሚያመጡለት ወሬም አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ስሕተት ነው።

የተሰለፍኩት በጃፓን ወገን ነበር። ጁን 1942 ላይ አካጊን፣ ካጋን፣ ሶርዩንና ሂርዩን፣ አራቱን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች፣ ከሃዋይ በስተሰሜን ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ሚድዌይ ላክኋቸው። ታሪኩን አንብቤአለሁና ከአድሚራል ናጉሞ የተሻልኩ መሰለኝ። አውሮፕላኖቼ ደሴቲቱን ሊደበድቡ ሄደው ሳለ ግን አካጊና ካጋ በቦምብ ተመትተው ነደዱ። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ የማለዳውን ፋይል መልሼ ከፈትኩ። በሁለተኛው ሙከራ ካጋ ብቻ ሰጠመች፤ እርሷንም መለስኳት። በሦስተኛው አንዲትም አልጠፋችም። ድል አድርጌ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።

እንቅልፌን የነሳኝ ከዓመታት በፊት ያነበብኩት ታሪክ ነው። በሜይ 1942 መጀመሪያ፣ ከእውነተኛው ውጊያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የጃፓን የባሕር ኃይል ሹማምንት ያማቶ በተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ ተሰብስበው የሚድዌይን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ተጫወቱት። ጨዋታውን የሚመሩት የጥምር መርከብ ጓዱ ኤታማዦር ሹም አድሚራል ኡጋኪ ነበሩ። የናጉሞ አውሮፕላኖች ሚድዌይን ሊመቱ በሄዱበት ሰዓት ከደሴቲቱ የተነሡ የጠላት አውሮፕላኖች መርከቦቹን አጠቁ። ዳኛው መኮንን ኦኩሚያ ዳይሱን ጣለ፤ ዘጠኝ ቦምቦች ዒላማቸውን እንደመቱ፣ አካጊና ካጋም እንደሰጠሙ ፈረደ። ኡጋኪ ጣልቃ ገቡ፤ ዘጠኙ ሦስት ይሁን አሉ። አካጊ በቀላል ጉዳት ተረፈች፣ ካጋ ሰጠመች። ይባስ ብሎ የሚቀጥለው ዘመቻ በጠረጴዛው ላይ ሲጀመር ካጋ ከሞት ተነሥታ ተሰለፈች። ይህን የነገሩን ራሱ ኦኩሚያና ጓደኛው ፉቺዳ ናቸው፤ በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ።

እንግዲህ እኔና አድሚራሉ አንድ ሥራ ሠራን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በኡጋኪ ላይ መፍረድ ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። በጁን 4 ቀን 1942 ማለዳ ከሚድዌይ የተነሡት አውሮፕላኖች በማዕበል በማዕበል መጡ፤ ከብዙ መሥዋዕትነት በኋላም አንዲት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ እንኳ በቦምብ አልመቱም። ስለዚህ በቁጥሩ ረገድ ኡጋኪ ከዳይሱ ይልቅ ለእውነት ቀርበው ነበር። የተሳሳቱት ቁጥሩን በመቀነሳቸው ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ጥያቄውንም በመሰረዛቸው ይመስለኛል። ዳይሱ፣ ዕውር ቢሆንም፣ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ አውሮፕላኖቻችን ወደ ደሴቲቱ ሲሄዱ ጠላት ቢደርስብን ምን እንሆናለን?

መልሱ በወረቀት ላይ አልጠፋም። ያማሞቶ የአውሮፕላኖቹ ግማሽ የጠላትን መርከቦች ለመምታት ታጥቆ እንዲጠብቅ ነግረዋቸው ነበር። ነገር ግን ከልብ ያልታመነበት አደጋ፣ ትእዛዝ ቢወጣለትም፣ ጠባቂ የለውም። በዚያች ማለዳ ናጉሞ ተጠባባቂዎቹ ለየብስ ድብደባ ትጥቅ እንዲቀይሩ አዘዙ፤ ከቶኔ መርከብ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የተነሣው ቃኚ አውሮፕላን የአሜሪካን መርከቦች ሲያይ ትእዛዙን መልሰው ለወጡ። አሜሪካኖቹ የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክት ፈትተው፣ በሦስት አውሮፕላን ተሸካሚዎች አድፍጠው ይጠብቁ ነበር። ከሆርኔት የተነሡት 15 ቶርፒዶ ጣይ አውሮፕላኖች አንድም ሳይቀሩ ወደቁ፤ ከ30ዎቹ ሰዎች የተረፈው አንድ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ግን ሌሎች ከሰማይ ቁልቁል እየተወረወሩ ቦምባቸውን ጣሉ። አካጊ፣ ካጋና ሶርዩ ነደዱ፤ ሂርዩ በዚያው ቀን አመሻሽ ተከተለች። በካጋ ላይ ብቻ ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ፉቺዳ በዚያች ዕለት አካጊ ላይ ነበረ። በመጽሐፉ ሲተርክ አውሮፕላኖቻችን በመርከቦቹ ወለል ላይ ተሰልፈው ሊነሡ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቷቸው ነበር ይላል። ዓለም ይህን ለግማሽ ምዕተ ዓመት አምኖ ኖረ። በ2005 ፓርሻልና ተሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጃፓንን ሰነዶች መርምረው ነገሩ እንዲያ እንዳልነበረ አሳዩ፤ ለጥቃት የተዘጋጁት አውሮፕላኖች ገና በመርከቦቹ ሆድ ውስጥ ነበሩ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ካጋን ከባሕር ወለል ያስነሡትን አድሚራል ያጋለጠው መጽሐፍ፣ እርሱም በተራው ለተሸነፉት አምስት ደቂቃ ጨመረላቸው! አንዱ ከሽንፈቱ በፊት ዳይሱን ቀየረ፤ ሌላው ከሽንፈቱ በኋላ ሰዓቱን። እኔ ደግሞ ፋይሉን።

እውነተኛይቱ ካጋ በኦክቶበር 2019 ተገኘች። ከ5,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ጨለማ ውስጥ አርፋለች። የትኛውም ዳይስ፣ የትኛውም የጸጸት ደቂቃ ከዚያ አያወጣትም።

በማግስቱ ድሌን ሰረዝኩት። ያችኑ ማለዳ እንደገና ከፈትኩ፤ ይህም ያው መመለስ ነው፣ ብቻ የመጨረሻዬ ይሁን አልኩ። አካጊና ሶርዩ ሰጠሙ። እጄ ወደ ፋይሉ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዙሮች ጥቂት አብራሪዎችና ብዙ ፍርሃት ይዤ እጫወታለሁ። ቃኚ አውሮፕላን ሲዘገይብኝ እንደ ቀድሞው አላልፈውም፤ ትእዛዝ ከመስጠቴ በፊትም ያንን የዳይሱን ጥያቄ ለራሴ እጠይቃለሁ። መሸነፌ አልቀረም። የሰጠሙት ግን ሰጥመው በመቅረታቸው፣ ከእነርሱ የምማረው ነገር አገኘሁ።