ብሉ ቡክ ያልደረሰበት ገበያ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ደላላ አስቁሞ የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ መልስ ከማግኘቱ በፊት ራሱ ይጠየቃል። «ኮድ ስንት ነው? ታርጋው ኤ ነው ቢ? ሊብሬው በማን ስም ነው? ቦሎ አለው?» ደላላው ይህን ሰምቶ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ በሩን ደጋግሞ ዘግቶ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ ቁጥር ይጠራል። የሚገልጠው መጽሐፍ የለም።

መጽሐፍ የሚገልጡት አሜሪካኖች ናቸው። ሌስ ኬሊ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1918 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሦስት ሞዴል ቲ ፎርዶች የመኪና ሽያጭ ጀመረ። ሊገዛቸው የሚፈልጋቸውን መኪኖችና የሚከፍልባቸውን ዋጋ ዘርዝሮ ለሌሎች ነጋዴዎችና ለባንኮች ይበትን ነበር። ዝርዝሩን ሁሉም ሲፈልገው በ1926 «ብሉ ቡክ» ብሎ አሳተመው። እንግሊዞች በ1933 «ግላስስ ጋይድ»ን፣ ጀርመኖች በ1957 «ሽቫከ»ን አስከተሉ። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፦ መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል።

እኛ ዘንድ ለኅትመት የበቃ የመኪና ዋጋ ቢፈለግ፣ የሚገኘው በጋዜጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ያስያዘውን ወይም ባንክ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ከተበዳሪ የተረከበውን መኪና ለመሸጥ «መነሻ ዋጋ» ይታተማል። ማስታወቂያውን የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው፣ የራሱን መኪና ለመገመት ብቻ የሚያነብ ሰው ጥቂት አይደለም። በሽያጭ ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ ግን ብዙም አይታመንም። የስም ማዛወሪያው ቴምብር ቀረጥ የዋጋው 2 በመቶ በመሆኑ፣ ተዋዋዮች ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ።

የኬሊ ስሌት አዲስ አበባ ላይ የተገለበጠው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አሮጌ መኪና በመወደዱም አንዲት ባለቪትዝ ዓመታት ነድታ፣ ጎማ ቀይራ፣ ከገዛችበት በላይ ሸጠች። አስመጪው ቢቸገርም እሷ አልከፋትም።

እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ አሳትሞ ማሰራጨት ቀለም ማባከን ይመስለኛል። ዛሬ ዝርዝሩ በቴሌግራም ይዞራል፤ ሥዕል አለው፣ ኪሎ ሜትር አለው፣ ከዋጋው ጎን ደግሞ «ድርድር አለው» ይላል። የልደታው ደላላ የሚጠራልዎት ቁጥርም የዕለቱ ነው። ሳምንት ቆይተው ከተመለሱ እንደገና ይጠይቁት።