የመምህርና የደቀ መዝሙር ውርስ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልማድ ስለ አንድ ሊቅ ማንነት ሲጠየቅ፣ ከትውልድ አገሩ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አስቀድሞ የሚነሣው የመምህሩ ስም ነው። «ከማን ተማረ?» የሚለው ጥያቄ የሰውየውን ዕውቀት መመዘኛ ነው፤ ትምህርቱ የተገኘበት ምንጭ ከታወቀ የንባቡ ስልት፣ የዜማው ይትበሃል፣ የትርጓሜውም መንገድ አብሮ ይታወቃልና። ይሁን እንጂ ይህ የመምህርና የደቀ መዝሙር ትስስር ተማሪውን የመምህሩ ግልባጭ የሚያደርግ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሥርዐቱ በአንድ ወገን ጥብቅ ታዛዥነትን ሲጠይቅ፣ በሌላ ወገን ተማሪው በራሱ ልቡና የሚያፈልቀውን አዲስ ነገር ይጠብቅበታል። ይህም በቅኔ ቤት ሥርዐት፣ ቀጥሎም ሦስት ሊቃውንት እየተቀባበሉ በፈጸሙት በአንድ መዝገበ ቃላት ታሪክ በግልጥ ይታያል።

ተማሪው ከንባብ ቤት ወጥቶ ወደ ከፍተኛው ትምህርት ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ከተወለደበት አገር ይርቃል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይጓዛል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየመንደሩ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ለመምህሩ የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ የለም፤ በዚያ ፈንታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የመምህሩንም እርሻ ያግዛል። መምህሩን «የኔታ» ብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም «የኔ ጌታ» ማለት ሲሆን፣ አክብሮትን ከልጅነት ፍቅር ጋር ያጣመረ መጠሪያ ነው። የኔታም ለተማሪው መምህር ብቻ ሳይሆኑ፣ ሲታመም ጠያቂ፣ ሲጣላ ዳኛ፣ ሲያጠፋ ገሣጭ ናቸው። ከቤተ ሰቡ ለተለየ ወጣት ይህ አባትነት ከትምህርቱ ተነጥሎ የሚታይ አልነበረም።

በቅኔ ቤት የሚሰጠው ትምህርት በደረጃ የተከፈለ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማ እያለፈ፣ በመጨረሻ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይደርሳል። የኔታ ግሱንና አገባቡን ካስተማሩ በኋላ ለናሙና ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰሙን ከወርቁ ለይተው ምሥጢሩን ያስረዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው ብቻውን ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ሲመለስም ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ሙያው የጐደለውን ያርማሉ፤ ቤት ያልመታውን ይመልሳሉ፤ ምሥጢሩ ያማረውን ያደንቃሉ። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ስለዚህ ቃልን በቃሉ በማጥናት በሚታወቀው በዚህ የትምህርት ሥርዐት ውስጥ፣ የቅኔ ቤት ተማሪ ትናንት ያልተነገረ ነገር ይዞ እንዲመጣ በየቀኑ ይገደዳል። የመምህሩ ድርሻ መንገዱን ማሳየትና ፍሬውን መመርመር እንጂ በተማሪው ፈንታ ማሰብ አይደለም።

ደግሞም ተማሪው ሳይመረቅ ማስተማር ይጀምራል። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ የጀማሪዎቹን ስሕተት ሲያቃና የራሱን ዕውቀት ያጸናል። የኔታም የማስተማር ችሎታውን በዚያው ይመዝናሉ። የራሱን ወንበር እንዲዘረጋ የሚያበቃው የመምህሩ ምስክርነት በመሆኑ፣ ይህ ምስክርነት ልማድ የዘጋውን በር የከፈተበት ጊዜ አለ። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሳሉ፣ ሴቶችም ወደ ቅኔ ቤት በማይገቡበት ዘመን፣ ከመምህር አባታቸው ቅኔ ተምረው እርሳቸውም በተራቸው የብዙ ወንዶች ተማሪዎች መምህር ለመሆን በቅተዋል።

የዚህ ሥርዐት ትልቁ ድካም ዕውቀቱ በአንድ ሰው ልቡና የተጠራቀመ መሆኑ ነው። መምህሩ ተተኪ ሳያወጣ ቢሞት ወንበሩ ይታጠፋል፤ በመጽሐፍ ያልሰፈረውም ምሥጢር አብሮት ይቀበራል። ሊቃውንቱ ከጉባኤው ወደ መጽሐፍ ሥራ በተሻገሩ ጊዜም ያው ሥጋት ተከትሏቸዋል፤ ትልቅ መጽሐፍ ከአንድ ሰው ዕድሜ ሊበልጥ ይችላልና። የግእዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

በአውሮፓ ለግእዝ ቋንቋ ጥናት መሠረት የጣለው ኢዮብ ሉዶልፍ ትምህርቱን ያገኘው በ1649 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በሮማ ከተዋወቁት፣ በ1652ም ወደ ጎታ ከጋበዛቸው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። አውጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተመው ሰፊ መዝገበ ቃላት ደግሞ ግእዙን የተረጐመው በላቲን ነው። ኢኛስዮ ጉዊዲ በ1901 ላወጣው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላትም ኢትዮጵያዊው ሊቅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ረድተውታል። እንግዲህ የኢትዮጵያ መምህራን ዕውቀታቸውን ለባዕዳን ሊቃውንት ሲያካፍሉ፣ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ግእዙን በገዛ ቋንቋው የሚፈታለት እንዲህ ያለ ሰፊ መጽሐፍ ገና አልነበረውም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ነገር ግን ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ሥራውን የተረከቡት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም የኖሩ፣ ከግእዝ ሌላ ዕብራይስጥንና ሌሎችንም የሴም ቋንቋዎች ያጠኑ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ የተቀበሉትን እንዳለ አላቈዩትም፤ ቃላቱን ከእኅት ቋንቋዎች ጋር እያስተያዩ አሰፉት፣ አረሙትም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1916 ዓ. ም. የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ በድሬዳዋ አሳትመዋል። መዝገበ ቃላቱ ግን እርሳቸውም በሕይወት ሳሉ ለኅትመት አልበቃም። አደራው ወደ ሦስተኛው ትውልድ፣ ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለው፣ 900 ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ በ1948 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ደቀ መዝሙሩ ያወጡትም በመምህራቸው በኪዳነ ወልድ ስም ነው።

በዚህ ርክክብ ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር የመምህሩ አቋምም ተላልፏል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን የደረደሩት በተለመደው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን፣ የፊደል ጥንታዊ ተራ ነው ብለው ባመኑበት በአ በ ገ ደ ነው። አለቃ ደስታ በ1962 ዓ. ም. የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲያሳትሙ ይህንኑ ተራ ጠብቀዋል። ሀ ለ ሐ መን ለለመደ አንባቢ ቃሉን ፈልጎ ማግኘት ዛሬም አድካሚ ነው፤ ታማኝነት እንዲህ ያለ ዋጋ አለው። ሆኖም የሁለተኛው መጽሐፍ መኖር ራሱ ደቀ መዝሙሩ ጠባቂ ብቻ እንዳልነበሩ ያስረዳል፤ መምህራቸው ለግእዝ ያደረጉትን እርሳቸው ለአማርኛ አድርገዋልና። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ስልት ይዞ የራሱን ቅኔ እንደሚቈጥር፣ እዚህም የታየው ያው ሥርዐት ነው።

የ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስት ከወሰደ በኋላ፣ በዚያ መሬት ይደገፉ የነበሩት ጉባኤያት ብርቱ ችግር ደርሶባቸዋል፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ተማሪውን ወደ ሌላ መንገድ ስቦታል። ስለዚህ የሊቃውንቱን ቃል በወረቀትና በድምፅ መቅጃ መሰብሰብ የሚደገፍ ተግባር ነው። ነገር ግን የመዝገበ ቃላቱ ታሪክ እንደሚያሳየው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ የክፍለ ጊዮርጊስ ጅምር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ የሚያርመውና የሚፈጽመው ደቀ መዝሙር ባይኖር ኖሮ ጅምር ሆኖ በቀረ ነበር። መምህሩ ለተማሪው ያወረሰው ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ሊፈጽመው ያልቻለውንም ነው፤ የደቀ መዝሙሩም ብስለት የተመዘነው ይህን በተቀበለበትና ከፍጻሜ ባደረሰበት መጠን ነው።