በጓሮ የታደሰ ካምቢዮ
አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጠነክረው ወርዶ ሲበተን ብቻ ነው የሚለውን እምነት የአሜሪካ ጓሮ መካኒኮች ታሪክ ያፈርሰዋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ ያወጣው ባለ 4 ማርሽ 700አር4 መጀመሪያ ላይ በድክመት ይታማ ነበር፤ ፋብሪካውም በ1987 አሻሽሎታል። የጓሮው መፍትሔ የተገኘው ከዚያው ቤት ነው። ኮርቬት ለተባለው የኩባንያው የስፖርት መኪና የተሠራው ሰርቮ፣ ማለትም ባንዱን (ከበሮውን አንቆ የሚይዘውን ቀበቶ) በዘይት ግፊት የሚገፋው ክፍል፣ ፒስተኑ ሰፊ ስለሆነ በዚያው ግፊት የ2ኛ ማርሽን ባንድ የበለጠ አጥብቆ ይይዛል። ካምቢዮው ሳይወርድ፣ በስተቀኝ ያለውን ክዳን የያዘችውን የሽቦ ቀለበት አውጥቶ ሰርቮውን መቀየር ይቻላል።

«የፋብሪካ መሐንዲስ ከጓሮ መካኒክ አይበልጥም ወይ?» ይባል ይሆናል። ይበልጣል፤ ግን መሐንዲሱ የተሳፋሪውንም ምቾት ማሰብ ነበረበት። ለስላሳ ለውጥ የሚገኘው ባንዱ ትንሽ ሲንሸራተት ነው፤ መንሸራተት ደግሞ ሙቀት ነው፣ ባንዱንም ዘይቱንም ያቃጥላል። ባንዱ ሲጠብቅ ማርሹ ሲቀየር ነቅነቅ ማለቱ፣ መቼም፣ የማይቀር ዋጋ ነው። የዘይቱን ግፊት የሚወስነው፣ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው ኬብል ላልቶ ከታሰረ ግን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ የኮርቬት ሰርቮም አያድነውም።